ከሦስት መቶ በታች አላትምም

አታሚው የእህቱን ባል አይወደውም። አይወደውም ማለት እንኳ ሲያንስ ነው፤ ይንቀዋል። ሰውየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ስለማያውቀው ነገር አፉን ሞልቶ ያወራል። አንድ ቀን የፎቶ ቤቱን በር በትከሻው ገፍቶ ገባና ስልኩን ማተሚያው ላይ ጣል አደረገው። ማተሚያ ላይ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰው ምን ይባላል?

«እማማ የልጃቸውን ፎቶ ፈልገዋል» አለ። «በር የሚያህል አድርገህ አትምላቸው።»

ልጃቸው ያለው አምና የሞተውን የአታሚውን ታናሽ ወንድም ነው። የቀረው ፎቶ ይሄ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከስልክ ስልክ ሲላላክ ተጨምቆ ኮስሷል። የእናቱ ዓይን ደግሞ እየደከመ ነው። ሐኪሙ ብዙ አይቆይም ብሏቸዋል፤ ጨርሶ ሳይጠፋ ልጄን አንዴ ልየው ነው የሚሉት።

አታሚው ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ በንቀት ፈገግ አለ።

«ፒክስል ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ምንድን ነው?»

«ተወው። ፎቶ የሚሠራበት ነጥብ ነው። በአንድ ኢንች ሦስት መቶ ካልሆነ እኔ አላትምም። ይሄ ቢበዛ ለፖስትካርድ ይበቃል። በር የሚያህል ካደረግነው ፊቱ የጡብ ግድግዳ ነው የሚሆነው።»

«ይሁን፤ እሳቸው እኮ...»

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ» ብሎ ከአፉ ነጠቀው።

ሾፌሩ እየተመላለሰ ነዘነዘው፤ አታሚው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደንበኞቹንም የሚያስተናግደው እንዲሁ ነው። የሠርጋቸውን ፎቶ ከኢንተርኔት አውርደው የሚመጡትን ያባርራል። ኮምፒውተር ላይ የነጥቡን ቁጥር ስለቀየሩ ብቻ ፎቶው የጠራ የሚመስላቸውንማ ዓይናቸውንም ማየት አይፈልግ። በመጨረሻ ለእናቱ በራሱ መንገድ አተመ፤ ትንሽ፣ በሚያብረቀርቅ ምርጥ ወረቀት። የቅንድቡ ጠጉር ይቆጠራል። ሥራ ማለት ይሄ ነው ብሎ ራሱን አመሰገነ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሌላ አመስጋኝ አያስፈልገውም።

እናቱ ፎቶውን አቀረቡት፣ አራቁት፣ ወደ መስኮቱ አዞሩት። ከዚያ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ወረቀቱ ጥሩ ነው» አሉ። «ልጄስ የታል?»

ያን ጊዜ ገባው። ለእሳቸው ዓይን እንኳን ቅንድብ ፊትም የለ፤ የሚይዝላቸው ትልቅ ነገር ብቻ ነው። ያ የናቀው ሰው ሊነግረው የነበረውም ይሄንኑ ነበር። ሮጦ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ማተሚያው ሰፊ ነገር ያትማል፤ ሰፊው ጥቅል ወረቀት ግን የለም። ትልቅ አላትምም ባይ ወረቀቱን ምን ብሎ ይግዛ? አዘዘ፤ ወረቀቱ ዘገየ። የእናቱ ዓይን ግን አልጠበቀውም።

ቢሆንም አትሞ ይዞ ሄደ። ባዶ እጁን መሄድ አልቻለም። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሟል። አታሚው ክንዱን ዘርግቶ ወረቀቱን ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

«ሰቀልከው?» አሉ እናቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

«ሰቀልኩት እማዬ።»

እናቱ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«እየሳቀ ነው?»

አታሚው አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ደርሷል፤ ከፊቱ ያሉት ጡብ ጡብ የሚያካክሉ ቡናማና ግራጫ አራት ማዕዘኖች ብቻ ናቸው። ያን ፎቶ ስንት ጊዜ አጉልቶ አይቶታል። ቅንድቡን ያውቀዋል፣ የጥላውን ቀለም ያውቀዋል። ወንድሙ ይሳቅ አይሳቅ ግን አላስታወሰም።

«እየሳቀ ነው እማማ» አለ ሾፌሩ ከበሩ ላይ። «ከዚህ ሆኜ በደንብ ይታየኛል።»