ሰዓቱ ጋ

በእኛ ጎዳና ሰው አድራሻ የሚናገረው በሌለ ነገር ነው። "ሲኒማው" የምንለው ቤት ሶፋ መሸጫ ከሆነ ቆይቷል። "ዛፉ" ጉቶው እንኳ የለም፤ የአውቶቡስ ረዳቱ ግን ዛሬም "ዛፉ ጋ ወራጅ አለ?" እያለ ይጮኻል። የባሰው ግን ሰዓቱ ነው። ድሮ መንገዱ መሀል ብረት ዓምድ ላይ ነበር፤ መንገዱ ሲሰፋ ነቅለው በጭነት መኪና ወሰዱት። አባዬ "ቆሞ በነበረበት ዘመንም የቆመ ሰዓት ነበር" እያለ ይቀልድበታል። ያም ሆኖ የእሱ ልብስ ስፌት ቤት እስካሁን "ሰዓቱ ጋ" ነው። በሌላ ስም የሚጠይቅ ደንበኛ የሚያሳየው አያገኝም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አባዬ ሱሪ ሊቆርጥ ጠመኔውን እንደያዘ ደረቱን ጨብጦ ወደቀ። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታሁለት። ላብ አጥምቆታል። እማዬ በር ላይ ቆማ አምቡላንስ ጠራች። ጆሮዋ ስለሚከብዳት የስልኩን ድምፅ ሁልጊዜም ለሰፈር ነው የምትከፍተው።

"ቤታችሁ የት ነው፣ እናቴ?" አለ የአምቡላንሱ ሾፌር።

"ሰዓቱ ጋ!"

"እሺ፣ አውቀዋለሁ። መጣን።"

"አይዞህ አባዬ፣ መጡ" አልኩት። ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም።

የአምቡላንሱ ጩኸት ከሩቅ ተሰማና ጸጥ አለ። ስልኩ ጠራ።

"እናቴ፣ ሰዓቱ ጋ ደርሰናል። የታላችሁ?"

"እኔ ሰዓቱ ጋ ቆሜ የለም እንዴ! ዓይናችሁን ምን ጋረደው?"

"እኛም ሥሩ ነን እኮ!"

"ልብስ ሰፊው ቤት በያቸው!" ብዬ ጮኽኩ።

"ልብስ ሰፊው ቤት!" አለች።

"እዚህ ልብስ ሰፊ የለም፤ ባንክ ነው ያለው።"

ያኔ ነው የገባኝ፤ በጎዳናው ሌላኛው ጫፍ ላይ አዲስ የተሠራው ባንክ ግንባሩ ላይ ትልቅ ሰዓት አለው፤ ያውም የሚሠራ። እኛ ግን "ባንኩ" እንጂ "ሰዓቱ" ብለነው አናውቅም። ወደ ታች እንዲወርዱ ነገርናቸው፤ መንገዱ ግን መሀሉ በግንብ ተከፍሏል፣ መዞሪያው ሩቅ ነው፣ መኪናው ተጨናንቆ አይንቀሳቀስም። እማዬ "እየመጡ ነው፣ እየመጡ ነው" ትላለች። ጠመኔው ከአባዬ እጅ ወደቀ። ብጠራው፣ ብነቀንቀው ዝም አለኝ።

አምቡላንሱ ደረሰ። ነርሷ ተንበርክካ አንገቱን ዳሰሰችና ራሷን ነቀነቀች። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ፣ "እናቴ፣ ሰዓቱ የታለ?" አላት። ላንቀው ምንም አልቀረኝም። እማዬ ግን እጇን ዘርግታ የመንገዱን መሀል አሳየችው። መኪና ብቻ ያልፋል። እጇን ሳታወርድ ቆየችና እደጃፉ ላይ ዘጭ ብላ፣ "እኔ ነኝ የገደልኩት!" አለች።

ጩኸቱን ሰምቶ የደረሰው አጎቴ ያንኑ ስልክ ከእማዬ ተቀብሎ ለዘመድ አዝማድ ያረዳ ጀመር። "ለቅሶው የት ነው?" ይሉታል።

"ሰዓቱ ጋ።"

ሁሉም መጣ። አንድ ሰው እንኳ መንገድ አልጠፋበትም።