አባባ ኮምፒውተሩን ያጸዱ ዕለት

ልጅቷ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ንድፍ ሠሪ ናት። እሷ በኮምፒውተር ትስላለች፣ አናጺ ቆርጦ ይገጥመዋል። የምትሠራው በወላጆቿ ቤት፣ ሳሎኑ ጥግ መስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት የፊት ገጹ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። አንድም ፎልደር የለም። ከጀርባ ያለው የሐይቅ ፎቶ ብቻ ወለል ብሎ ይታያል። ሐይቁ ላይ ጀልባ እንዳለ እንኳን ያወቀችው ገና ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ፎልደር ተደርድሮበት ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ልትመጣባት ነው። ሴትዮዋ ሐሳብ በመቀየር የሚያህላት የለም፤ መሳቢያውን ስንቴ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ካስዛወረች በኋላ በስንት ልመና እሺ ያለችበት ንድፍ ነው የጠፋው። ልጅቷ የቆሻሻ ቅርጫቱን ከፈተች፤ ባዶ ነው። የፋይሉን ስም ጽፋ ፈለገች፤ ምንም አልመጣም።

«እማማ፣ ኮምፒውተሬን የነካ ሰው አለ?»

እናትየው ልብስ እየተኮሱ ነበር። «እኔ እሱን ነገር እንኳን ልነካው አቧራውንም የማራግፈው በሩቁ ነው» አሉ።

አባትየው ሶፋው ላይ ሆነው ጋዜጣ ያነባሉ። ጋዜጣውን ትንሽ ከፍ አደረጉት። ከመጋዘን ኃላፊነት በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሳቸው መጋዘኑን ቢለቁም መጋዘኑ እሳቸውን አልለቀቃቸውም። ማንኪያ ከሹካ ጋር ተቀላቅሎ ካዩ ቀኑን ሙሉ ፊታቸው አይፈታም።

ልጅቷ የሰፈሩን የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራችው። ሰው ሁሉ «ሪስታርት» ነው የሚለው፤ እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውስ የለም። ቦርሳውን አንግቶ መጣና ገና ሳይቀመጥ፣

«ሪስታርት አድርገሻል?» አላት።

«አድርጌያለሁ።»

«እኔ ሳደርገው ይለያል» ብሎ አጥፍቶ አበራው። ሐይቁ መጣ፣ ጀልባዋም መጣች፤ ሌላ ነገር የለም። ሪስታርት አገጩን አሻሸ። «ይሄ ቫይረስ ነው፣ እህቴ። ያውም ክፉው። ፎርማት አድርገን እንደ አዲስ እንጫን።»

ልጅቷ ግን አንድ ነገር ከነከናት። የዲስኩን መጠን ከፍታ አየች። አፉ ድረስ ሞልቷል፣ ልክ እንደ ትናንቱ።

«ፋይሎቼ ከሄዱ ቦታቸውን ለምን አልለቀቁም?»

«ቫይረሱም እኮ ቦታ ይይዛል።»

«በአንድ ሌሊት ይህን ያህል የሚወፍር ቫይረስ አለ?»

ሪስታርት ቦርሳውን ሲከፍት ከሶፋው በኩል ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ይሄ ፎርማት የምትሉት ነገር ምንድን ነው?» አሉ አባትየው።

«ሁሉን አጥፍቶ ባዶ ማድረግ ነው፣ አባባ» አለ ሪስታርት።

ጋዜጣው ዝቅ አለ። «ያልጠፋ ነገር ምን አድርጎ ነው የሚጠፋው? ሁሉም በቦታው አለ።»

ልጅቷ ወንበሯን አዙራ አፈጠጠችባቸው። አባትየው መነጽራቸውን አውልቀው እየወለወሉ ተናገሩ። «ማታ ካርታ ልጫወት ስከፍተው ገጹ የገበያ ቀን መስሏል። አንዱ በአንዱ ላይ ተዝረክርኳል። አንዱን በማውሱ ቀኝ ስጫነው ዝርዝር መጣ፣ ገባ ስል ‹ድብቅ› የምትል ሳጥን አገኘሁ። ምልክት አደረግኩባት፣ እልም አለ። ጥሩ ነገር ነው ብዬ ሁሉንም በየተራ ከተትኳቸው።»

«ታዲያ ቅድም ስጠይቅ ለምን ዝም አሉ?»

«የነካ ሰው አለ ወይ ነው ያልሽው። እኔ አልነካሁም፤ አደራጀሁ እንጂ።»

ሪስታርት ግንባሩን መታ መታ አደረገ። ከላይ ያለውን ዝርዝር ከፍቶ «የተደበቁትን አሳይ» የሚለው ላይ ምልክት አኖረበት። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ከበሽታ እንደተነሣ ሰው ገርጥተዋል። የገረጡት ገና ድብቅ ስለሆኑ ነው አላት። አባትየው ያደረጉትን ምልክት ከእያንዳንዱ ላይ ሲያነሣ ወዛቸው ተመለሰ። ልጅቷ የደንበኛዋን ንድፍ ከፍታ መሳቢያዎቹን ስታይ ጠፍቶ እንደተገኘ ልጅ ልትስማቸው ምንም አልቀራት።

ሪስታርት ሌላ የቀረ እንዳይኖር ብሎ ወደ ዲስኩ ውስጥ ሲገባ ስማቸውን እንኳን ሰምታ የማታውቃቸው የገረጡ ፎልደሮች ተግተልትለው ወጡ። አባትየው ተነሥተው መጡ።

«ይሄ ሁሉ ኮተት እዚህ ቤት ነበር?»

«የኮምፒውተሩ የራሱ ሆድ ዕቃ ነው፣ አባባ። አምራቾቹ ናቸው የደበቁት። ከነኩት ይሞታል።»

«ሆድ ዕቃም ቢሆን ሥርዓት ያስፈልገዋል» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ከሆድ ዕቃው መካከል ግን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ፎልደር ነበር፤ «ማስረጃ» ይላል። ልጅቷ እሷ እንዳልከፈተችው ታውቃለች።

«እሱ የኔ ነው። ተዪው» አሉ አባትየው በፍጥነት።

እናትየው ካውያውን ነቅለው መጡ። «ማስረጃ? በማን ላይ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባልና ሚስቱ ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ያልተቋጨ ክርክር አላቸው፤ ማነው የሚያንኮራፋው የሚል። አባትየው አንቺ ነሽ ይላሉ፣ እናትየው አንተ ነህ ይላሉ። አባትየው ሰሞኑን ስልካቸውን ትራስ ሥር አድርገው እየቀዱ ወደ ኮምፒውተሩ አስገብተዋል። መደበቅን ማታ ሲያውቁ፣ ሚስታቸው አግኝተው እንዳያጠፉባቸው ይህንንም ደብቀውታል።

«ይከፈት» አሉ እናትየው።

«ይከፈት። ዕድሜሽን ሙሉ የካድሽው ነገር ነው» አሉ አባትየው፣ ልባቸው ሞልቶ። ለመሄድ ቦርሳውን አንሥቶ የነበረው ሪስታርት መልሶ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የብርድ ልብስ ኮሽታ ተሰማ። ቀጥሎ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ማንኮራፋቱ መጣ፤ የተጫነ መኪና ዳገት ሲወጣ ነው የሚመስለው። አባትየው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። «ሰማችሁ?»

ሳይጨርሱት ከማንኮራፋቱ በላይ የእናትየው ድምፅ ወጣ፤ ፍጹም የነቃ ሰው ድምፅ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ወደዚያ ዙር። ቤቱን አፈረስከው እኮ።» አልጋው ሲጢጥ አለ። ማንኮራፋቱ ተቋረጠ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከወዲያ በኩል ጀመረ።

የአባትየው ጣት አየር ላይ ቀረ። ሪስታርት የጠፋበት ነገር እንዳለ ሰው ቦርሳውን መበርበር ያዘ።

«እስከ መጨረሻው ሰምተውት አያውቁም፣ አባባ?» አለች ልጅቷ።

«መጀመሪያውን ስሰማ በቂ ነው ብዬ ዘጋሁት።» ቀስ ብለው ጣታቸውን አወረዱ። «እስቲ የሌላውን ቀን ክፈቺ።»

ከፈተች። የሌላው ቀንም ያው ነበር፤ እናትየው ብቻ «ይኸው ደግሞ ጀመረው» ብለዋል። እናትየው ሳቃቸው ሊቆም አልቻለም፤ ጠረጴዛውን ይዘው እንባቸውን ጠረጉ። አባትየው ለመኮሳተር ሞከሩ፣ ግን ትከሻቸው ከዳቸው፤ ሲርገፈገፍ ሁሉም አዩ።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛዋ መጥታ ንድፉን አየች፣ መሳቢያዎቹን ወደደች፣ ቀለሙን ብቻ ቀይራ ሄደች። ልጅቷ ለአባቷ በራሳቸው ስም የሚገቡበት ገጽ ከፈተችላቸው። ካርታ ጨዋታው ብቻ አለበት፤ ሌላ የሚደራጅ ነገር የለም።

እናትየው ማስረጃውን ወደ ስልካቸው አስልከው ወዲያው ለእህታቸው አስተላለፉት። እህትየው ሰምታ ሳትጨርስ ደወለች። ስልኩ አባትየው አጠገብ ነበርና አነሡት። ከወዲያ የሚመጣውን ሳቅ በትዕግሥት አዳመጡ።

«አዎ፣ እኔው ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቆይ፣ አሸናፊዋን ላገናኝሽ» ብለው ስልኩን ለሚስታቸው አቀበሉ።