ከሃምሳ ሰባቱ ሁለቱ

ካንሳስ ለመጨረሻ ጊዜ የዴሞክራቶችን የፕሬዚዳንት ዕጩ የመረጠችው በ1964 ነው። እኔ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በሕይወቴ የሰጠሁት የመጀመሪያ ድምፅ ስለነበር ማሸነፍ እንዲህ ቀላል መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ጊዜ መርጫለሁ፤ አሥራ አምስቱንም ጊዜ ግዛታችን የመረጠችው ሌላውን ነው። "ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ምን ትደክማለህ?" የሚሉኝ አሉ። በሚያሸንፍበት ቀን ብቻ አፉን የሚከፍት ሰው ዜጋ ሳይሆን አጨብጫቢ ነው። ይህን በወረዳችን ጋዜጣ ላይ አርባ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ከባለቤቴ ከላቮን በቀር ያነበበው ያለ አይመስለኝም፤ እሷም የምታነበው ነጠላ ሰረዙን ልታርም ነበር።

መንደራችን ድምፅ የምትሰጠው በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነው። ሴቶቹ እዚያው ቺሊ የሚባለውን የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ይሸጣሉ፤ ሰው መርጦ፣ በልቶ፣ አምቶ ይሄዳል። የሚቆጠረው በእጅ ነው። ጎረቤቴ ቨርሊን ጎርትዝ የአስመራጮቹ ሰብሳቢ ነው፤ ምሽት ላይ ውጤቱን በወረቀት ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፈዋል።

ከ2000 ወዲህ በዚያ ወረቀት ላይ የእኛ ቁጥር ሁለት ነበር። ስድስት ምርጫ፣ ስድስት ጊዜ ሁለት። አንዱ እኔ እንደሆንኩ ከብቶቹም ያውቃሉ። ሁለተኛዋ ላቮን ናት ብዬ አምን ነበር። እሷ ግን አንድም ቀን አልነገረችኝም። ስጠይቃት "መጋረጃው የተሰቀለው ለምን ይመስልሃል?" ትለኛለች። አባቷም ወንድሞቿም ሪፐብሊካን ናቸውና አልገፋኋትም። ቁጥሩ ይበቃኝ ነበር። እህል መጋዘኑ ጋ የሚስቅብኝ ሲስቅ፣ ፊቱን የሚያዞርብኝ ሲያዞር፣ ያንን ሁለት አይቼ ወደ ቤት ስመለስ መኪናው ውስጥ እጇን ይዤ እኮራለሁ። አንድ ወገን አለኝ እል ነበር።

ላቮን ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ሞተች።

በኅዳር ብቻዬን ሄጄ መረጥኩ። ምሽት ላይ ተመልሼ በሩ ፊት ስቆም አንድ የሚለውን ለማንበብ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቱ ሃምሳ አምስት ለእነሱ፣ ሁለት ለእኛ ይላል።

ደጋግሜ አነበብኩት። መንደሩ ውስጥ አዲስ ሰው አልገባም። ሁለተኛው ሰው ዛሬም በሕይወት ካለ፣ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ላቮን አልነበረችም ማለት ነው። እኔ እጇን ይዤ ስኮራ እሷ ለአባቷ ወገን መርጣ መምጣቷ ነበር ማለት ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

የድሮ ተማሪዬ ጆሊን አሁን ልጅ አይደለችም፤ አያት ሆናለች። ድስቱ አጠገብ ጭልፋ ይዛ ቆማለች።

"መምህር፣ ቺሊው ሊያልቅ ነው፤ ይቀመጡ እንጂ" አለችኝ።

"አልበላም።"

"ምነው፣ ፊትዎ ልክ አይደለም።"

"ፊቴ ከ1968 ጀምሮ ልክ አይደለም።"

ቨርሊን ወንበር እያጠፈ ነበር። "ቁጥሩ ተሳስቷል" አልኩት።

"ሁለት ጊዜ ቆጥረነዋል።"

"ሦስተኛ ቁጠረው።"

"ኦሪን፣ ካሰብከው በላይ ድምፅ አግኝተህም ትቆጣለህ?"

"ማን እንደሆነ አይደለም የምጠይቅህ። እስከ ዛሬ ሁለተኛዋ ላቮን ነበረች ወይስ አልነበረችም? እሱን ብቻ ንገረኝ።"

ቨርሊን አየኝ። የያዘውን ወንበር መልሶ ዘረጋና ተቀመጠበት።

"የዛሬው ሁለተኛ እኔ ነኝ" አለ።

ቨርሊን የወረዳው ሪፐብሊካኖች ሊቀ መንበር የነበረ ሰው ነው። የእነሱ ዕጩ ማስታወቂያ ሰሌዳ አሁንም አጥሩ ላይ ተተክሏል።

"ሆስፒታል ልጠይቃት ሄጄ አስማለችኝ" አለ። "'በሩ ላይ አንድ ብሎ እንዳያነብ፤ ብቻውን መሆኑን በጽሑፍ እንዳያየው' አለችኝ። እዚህ ግዛት አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል ብዬ ቃል ገባሁላት።"

ደሜ ፈላ። "ድምፅ ማለት ለሐዘንተኛ የሚወሰድ ምግብ ነው እንዴ?"

"ምግቡንማ ወስጄልህ አልበላኸውም።"

"ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምን ስል ነው የኖርኩት? አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል የሚል ሰው እኮ..."

"አጨብጫቢ ነው። አንብቤዋለሁ።"

"አንብበኸዋል?"

"አርባውንም። እዚህ አገር ሌላ ምን ይነበባል?"

"የእሷስ?" አልኩት ዝግ ብዬ። "ስድስቱ የእሷ ነበሩ?"

"የእሷ ነበሩ። የመጀመሪያውን ግን የሰጠችው ለአንተ ብላ ነው። በዚያ ሳምንት መጋዘኑ ጋ ሲስቁብህ ሰምታ ተናዳ ነበር። 'ከዚያ በኋላ ያሉት የራሴ ናቸው' አለችኝ። 'ይህን ንገረው፤ ግን ስሞት። በሕይወት እያለሁ ከሰማ መቀመጫ ያሳጣኛል።'"

እውነቷን ነው፤ አሳጣት ነበር። በየቁርሱ እጠቅሰው ነበር። አርባ ጽሑፍ ጽፌ አንድ ሰው አልማረክሁም፤ እሷ ግን ሰዎች ሲስቁብኝ ሰምታ ወደ እኔ መጣች፣ መጥታም እዚያው ቀረች። ጆሊን ሳታስፈቅደኝ ጎድጓዳ ሳህን ፊቴ አስቀመጠች። ዳቦውን ቺሊው ውስጥ እየነከርኩ በላሁ። ሁለቱም እኔን ላለማየት ወለሉን ያጸዱ ጀመር።

ስጨርስ "በሚቀጥለው የራስህን ምረጥ" አልኩት ቨርሊንን።

"ቃል ገብቻለሁ።"

"ከቃልህ ፈትቼሃለሁ።"

"ቃሌን የሰጠሁት ለአንተ አይደለም።"

"ባሏ እኮ ነኝ።"

"ለዚህ ነዋ ለአንተ ያልሰጠሁት።"

"አንድ የሚል ባነብ አልሞትም። ሰው የሚመርጠው ሕሊናውን ሰምቶ ነው።"

"ደግሞ ሕሊናዬ የሚለውን አንተ ልትነግረኝ ነው? በአራት ዓመት ሰማንያ ስድስት ይሞላሃል፤ መጀመሪያ እዚያ ድረስ።"

ውጭ ደረጃው በረዶ ይዞ ነበር። ክርኔን ያዘኝ። ልቀቀኝ አልኩት፤ አልለቀቀኝም። እስከ መኪናዬ ድረስ እንደተጨቃጨቅን ሄድን፤ እዚያም ደርሰን በሩን ከፍቶልኝ፣ እኔ ተቀምጬ እሱ ቆሞ፣ ብርዱ እስኪያባርረን አላቆምንም።