ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ

ማሬ ሥጋውን በቦርሳዋ ውስጥ፣ ከፈተና ወረቀቶቹ ሥር ደብቃ ነው ወደ ቤት የገባችው። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር በተከራየችው በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ! ግን ምን ታድርግ። አባቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«የተደወለ አለ?» አሏት፣ ገና በሩን ሳታልፍ።

«የለም አባ።»

አያ ታከለ ከጭልጋ ገጠር ለሕክምና ጎንደር ከመጡ አንድ ወር ከሳምንት ሆኗቸዋል፤ በየቀኑ ጥያቄያቸው ይኸው ነው። የሚጠብቁት የልጃቸውን የሰጠኝን ስልክ ነው። ሰጠኝ በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ደግሞ አንድ ዓመት። ያኔ ነው አያ ታከለ ደብራቸው ሚካኤል ድረስ ሄደው «የልጄን ድምፅ እስክሰማ ሥጋ በአፌ አይዞርም» ብለው የተሳሉት። ከዚያ ወዲህ ገና መጣ፣ ፋሲካ መጣ፣ በሬ ታረደ፤ እሳቸው ሽሯቸውን ይዘው ጥግ ተቀመጡ።

ያ ድምፅ እንደማይሰማ ማሬ ታውቃለች። የዛሬ ሁለት ወር ጌቾ፣ ከወንድሟ ጋር አብሮ የሄደው የአገራቸው ልጅ፣ ደውሎ ነግሯታል። የጫነቻቸው መኪና በረሃ ላይ ተበላሸች፣ ውሃ አለቀ፤ ሰጠኝን እዚያው አሸዋው ውስጥ በእጁ ቀበረው። ለሌላ ሰው ትንፍሽ እንዳይል ማሬ ጌቾን ለመነችው። ያን ቀን የመምህራን መጸዳጃ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጥባ ክፍል ገባች። ጥቁር አልለበሰችም። ሹሩባዋን አልፈታችም። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ አባቷ ደግሞ ያኔም ታመው የቀዶ ሕክምና ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ይዳኑ፣ አገራቸው ይመለሱ፣ ከዚያ በወጉ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይረዱ። ይህን ነበር የቆረጠችው።

ያላሰበችው የደማቸውን ማነስ ነው። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ «በዚህ ደም አልነካቸውም። ቀይ ሥጋ ይብሉ፣ ከሞላላቸው በሁለት ሳምንት እንሠራላቸዋለን» አላት። ደም እንዲሞላ የታዘዘላቸው ክኒን ሆዳቸውን ገለበጠው። ነፍስ አባታቸው በስልክ «እግዚአብሔር ይፍታዎት፣ ይብሉ» ቢሏቸው፣ አያ ታከለ በአክብሮት ሰምተው ሲያበቁ «አባቴ፣ እኔ የተሳልኩት ለሚካኤል ነው፤ ለእርስዎ አይደለም» ብለው ስልኩን መለሱላት። ግትር ቢሏቸው ያንሳቸዋል።

ስለዚህ ልትሸውዳቸው ቆርጣለች። አባቷ የሥጋ ብልት በጨለማ በእጃቸው ዳብሰው የሚለዩ ሰው ናቸው፤ ተፈጭቶ ግን አይተውት አያውቁም። ሥጋ ሻጩን ሁለት ጊዜ አስፈጨችው። ቻይና ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር ከጓደኞቿ ጋር በሃያ ደቂቃ የምትሠራው እንደ ፓስታ ያለ ኑድል ነበር፤ እዚያ ውስጥ ሥጋው ሥጋ አይመስልም።

ውሃ ጣደች። በመጥበሻ ዘይት አግላ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጨመረችበት፤ ሽታው ቤቱን ሞላው፣ እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነው። ሥጋውን ጣል አድርጋ በእንጨት ማንኪያ እየደቆሰች ፍሬ ፍሬ እስኪሆን በታተነችው። ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ጥቁሩን ሶያ ሶስ አፈሰሰችበት፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ለዓመል ያህል ሚጥሚጣ። ኑድሉ ሦስት ደቂቃም አልፈጀ፤ አጥልላ ከሥጋው ጋር አገላበጠችውና የተቆላ ሰሊጥ ከላይ ነሰነሰችበት። ከቻይና የተመለሰች ሰሞን ይህንኑ ለሰጠኝ ሠርታለት፣ መጥበሻውን በጣቱ ጠርጎ ነበር የበላው።

አያ ታከለ እጃቸውን ታጥበው ሲቀርቡ ሳህኑን ትኩር ብለው አዩት።

«ምነው ልጄ፣ ወስፋት ቀቅለሽ ልታበይኝ ነው?»

ማሬ ሳታስበው ሳቀች። «የቻይኖች ምግብ ነው አባ። ይቅመሱት እንጂ።»

«ይህ ጥቁሩስ? ሥጋ የለውም አይደል?»

«አኩሪ አተር ነው» አለች። ዓይናቸውን እያየች ነው ያለችው፤ እንዲህ አድርጋ መዋሸት እንደምትችል እሷም አታውቅም ነበር።

አያ ታከለ አማተቡ። በሹካ ቢሞክሩት እየተንሸራተተ አስቸገራቸው፤ ሹካውን ትተው በእጃቸው ጠቅልለው ጎረሱ። «ሸጋ ነው» አሉ። ደገሙ። ሦስተኛውን ሲያኝኩ መንጋጋቸው ዝግ አለ፤ ከዚያ ቆመ።

ማሬ ቁጣውን ጠበቀች። ሳህኑ ሲወረወር፣ ጋቢያቸውን ይዘው «በዚህ ቤት አላድርም» ሲሉ፣ ሲረግሟት ሳይቀር ታያት። ለዚያ ሁሉ መልስ አዘጋጅታ ነበር።

አያ ታከለ ግን አልተፉትም። የጎረሱትን ዋጡ። ቀና ሳይሉ እጃቸውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አሳረፉ።

«መቼ ነው?» አሉ።

«ምኑ አባ?»

«ሰጠኝ የሞተው።»

ማሬ የተዉትን ሹካ አንስታ ያዘች።

«አንቺን አውቅሻለሁ» አሉ፣ በማታውቀው ቀጭን ድምፅ። «ሕፃን ሳለሽ እንኳ በጾም ወተት ብንሰጥሽ የማትቀምሺ ልጅ ነሽ። ወንድምሽ በሕይወት ቢኖር ለእሱ የተሳልኩትን አታፈርሺብኝም ነበር። እኔ ብሞትብሽ እንኳ አታደርጊውም። የሚጠበቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ሥጋ እፊቴ አይቀርብም ነበር።»

ለካ ይህን አላሰበችም! አዘገጃጀቱ፣ አፈጫጨቱ፣ ሽታው ሁሉ ታስቦበት ይህ ብቻ ተረስቷል። ስንት ቀን ጥርሷን ነክሳ የደበቀችውን መርዶ በገዛ እጇ ሠርታ፣ ሰሊጥ ነስንሳ አቀረበችላቸው።

«ከሰማሁ ሁለት ወር ሆነኝ» አለች። «በረሃ ላይ ነው። ጌቾ ቀበረው።» የታፈነው ልቅሶ ድንገት ከውስጧ ገንፍሎ ሲወጣ፣ አባቷ ተንጠራርተው አፏን በመዳፋቸው ያዙት።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ በይ። ጎረቤት ከሰማ ቤቱ በለቀስተኛ ይሞላል፤ ሳይመሽ ወሬው ጭልጋ ይደርሳል። እናትሽ ሰምታለች?»

ማሬ አልሰማችም ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

ሁለቱም ያለ ድምፅ አለቀሱ። አያ ታከለ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፤ ከጋቢው ሥር ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያታል። ደረት የሚመታበት፣ ሙሾ የሚወርድበት አገር ሰው ናቸው፤ የወንድ ልጃቸውን ሞት በኪራይ ቤት ጋቢ ነክሰው አለቀሱት። ማሬ ይህን ማየት አቃታት፣ ግን ከአጠገባቸው አልተነሳችም።

ብዙ ቆይተው ጋቢውን ገለጡ።

«እናትሽ በስልክ አትሰማም። በሰው አፍም አትሰማም። እኔው ነኝ የምነግራት፣ እጇን ይዤ።»

«እሺ አባ።»

«ለዚያ ድኜ በእግሬ መሄድ አለብኝ።» ወደ ሳህኑ ተመለከቱ። «ሐኪሙ ሥጋ ነው ያለው?»

«ሥጋ ነው ያለው።»

አያ ታከለ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ምግቡ ቀዝቅዟል። ላሙቅልዎት ብትላቸው በእጃቸው ከለከሏት። ጠቅልለው ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ፤ እንባቸው በጺማቸው እየወረደ ሳህኑ ላይ ይንጠባጠባል። በጎረሱ ቁጥር ልጄ አይመጣም ማለታቸው ነበር፣ ሁለቱም ያውቁታል። ግን አላቆሙም።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን ወደ ማሬ ገፉት።

«የተረፈ አለ?»

«አለ አባ።»

«ጨምሪልኝ።»

ማሬ ተነስታ ጨመረችላቸው።