የግራጫዋ ወተት

ሽማግሌው ሶእሞን፣ በኦሳካ የሩዝ ነጋዴዎች ቦይ ዳር ያለውን የማበጠሪያ ሱቃቸውን ለልጃቸው ለያሱኬ ካስረከቡ ወዲህ፣ ሥራቸው አይጥ ማርባት ብቻ ሆነ። በሰፈራችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ ድርጭት ያስጮሃል፣ ሌላው ቀይ ዓሣ በሸክላ ገንዳ ያረባል፣ አይጥ የሚያረቡ ደግሞ በየመንገዱ አሉ። የሶእሞን ግን የተለዩ ነበሩ። ቀይ ዓይን ያላት ነጭ አይጥ የትም ትገኛለች፤ የሀብት አምላክ የዳይኮኩ መልእክተኛ ናት ተብላ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች። የእሳቸው አይጦች ጸጉራቸው እንደ አዲስ ወረቀት ነጭ ሆኖ ዓይናቸው ጥቁር ነበር። አንዷን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ለእንግዳ ሲያሳዩ፣ እንግዳው አይጧን የሚያይ ይመስለዋል እንጂ እሷ ናት እሱን የምታየው።

እዚህ ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። ዥንጉርጉሩን ከነጩ፣ ልጁን ከአያቱ እያገናኙ፣ ቀይ ዓይን በወጣ ቁጥር ለጎረቤት እየሰጡ፣ ጥቁሩን እያስቀሩ ነው። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ የአይጦቹን ሳጥኖች የሚያጸዱት ሚስትየዋ ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ ሶእሞን ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው ያጸዱ ጀመር። በመከር ወራት የዚህ ዘር ብቸኛ ወንድ በእርጅና ሞተ። የቀረችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ያኔ አርግዛ ስለነበር፣ ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ወለደች። ልጆቹ ገና ጸጉር አላበቀሉም፤ ቀይ ናቸው፣ ዓይናቸውም አልተገለጠም። ነገር ግን በቀጭኑ የዓይናቸው ቆብ ስር ጥቁር ነጥብ ይታይ ነበር። ሶእሞን ያንን ነጥብ ሲያዩ፣ «መጡ» አሉ።

ምራታቸው ኦታኬ ወደዚያ ቤት ከገባች ገና ዓመት አልሞላትም። ከሽማግሌው አይጦች ጋር ጠብ የላትም፤ ጠቧ ከሌሎቹ፣ ማንም ካልጠራቸው ግራጫዎች ጋር ነበር። ሻማዋን ይበላሉ፣ የዘይት ወረቀቱን ይቀድዳሉ፣ የሩዙን የጭድ ጆንያ ይበሳሉ። ለዓመት መጨረሻ ቤቱ ሲጸዳ ከታችኛው ጆንያ ሥር ከጭድና ከወረቀት ብጥስጣሽ የተሠራ ጎጆ አገኘች። ግራጫዋ እናት ልጆቿን እያጠባች ነበር። ኦታኬ ደንግጣ ጆንያውን መልሳ ጣለችውና፣ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ከአዟሪ መርዝ ገዝታ፣ ከተቀቀለ ሩዝ ጋር ለውሳ ከውኃ ጋኑ ጀርባ አስቀመጠች። የግድ በዚያ ቀን መሆን ነበረበት። በአዲስ ዓመት ሦስት ቀናት እንኳን አይጥ መግደል ስሟንም መጥራት አይፈቀድም፤ ቅር ብሏት በረከቱን እንዳትበሳው «ሙሽሪት» ነው የምትባለው።

በአዲሱ ዓመት ጠዋት ሶእሞን ወደ ማድ ቤት ሲገቡ ኦታኬን መጥረጊያ ይዛ አገኟት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«የትናንቱን ሩዝ ልጥረገው ብዬ ነው አባባ። መርዝ ያለበትን።»

«መጥረጊያ? ዛሬ?» ከእጇ ወሰዱባት። «እናትሽ ቤት በዛሬ ቀን ቤት ይጠረጋል? የገባልንን በረከት ጠርገሽ ቦዩ ውስጥ ልትደፊው ነው?»

«በእጄ ላንሳው እንዴ?»

«በእጅም በእግርም፣ ዛሬ ከዚህ ቤት ምንም አይወጣም። ተይው። የእኔዎቹ እንደሆኑ ቤታቸው ዝግ ነው።»

ያሱኬ ሾርባውን እየማገ፣ «ሙሽሪቶቹ እስካሁን ጠራርገው በልተውታል፤ ምን ያጨቃጭቃችኋል?» አለ።

«አንዲት ፍሬ አልነኩም» አለች ኦታኬ። «እንዳስቀመጥኩት ነው።»

«እንግዲህ የአንቺን ወጥ ቀምሰው ያውቃሉ ማለት ነው» አለ ያሱኬ፤ እሷም በፎጣ ጀርባውን ገረፍ አደረገችው። ነገሩ በሳቅ አለፈ።

በማግስቱ ጠዋት ኦታኬ ለአይጦቹ ውኃ ልታደርግ ሄደች። የነጯ ሳጥን ጸጥ ብሏል። ሳጥኑን ወደ ብርሃን ስታዞረው ከኋላ በኩል፣ ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት፣ እንጨቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ተበልቶ ቀዳዳ ተከፍቷል። ግራጫዎቹ ለነጯ የሚሰጠውን ማሽላ ፈልገው የቆፈሩት ነው። ልጆቹ ጎጆው ውስጥ ተጣብቀው ይንቀጠቀጣሉ። እናቲቱ የለችም።

ያገኘቻት ከውኃ ጋኑ ጀርባ ነው። ከሩዙ አጠገብ ተዘርራለች፤ አፏ ላይ አንዲት ፍሬ ተጣብቃለች።

ኦታኬ በሁለት እጇ አቅፋ ወደ አማቷ ወሰደቻት። «አባባ» አለች።

ሶእሞን ተቀበሏት። ከጆሮዋ ጀምረው እስከ ጅራቷ ጸጉሯን በአንድ ጣት አስተካከሉላት። ኦታኬ ስድብ ትጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «የዱር የሆኑት የሰው እጅ የሚሸት ነገር አይነኩም» አሉ። «ይቺ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የበላችው ከሰው እጅ ነው። ምን ታድርግ?»

ከዚያ ተነሡ። በሩ ጀርባ የቆመውን መጥረጊያ ራሳቸው አንሥተው፣ አጎንብሰው፣ የጋኑን ጀርባ ጠረጉ። በዓመቱ ሁለተኛ ቀን! ያሱኬ በር ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ ቀረ። በሰፈራችን ማንም እንዲህ ሲያደርግ ታይቶ አያውቅም። ኦታኬ ማፈሻውን ዝቅ አድርጋ ያዘችላቸው።

ልጆቹን ለማዳን ያልሞከሩት የለም። ኦታኬ የሩዝ አጥሚት ቀጭን አድርጋ አማሰለች። ሶእሞን የጽሕፈት ብሩሻቸውን ጫፍ አጥሚቱ ውስጥ እየነከሩ በየአፋቸው አስጠጉ። ጠብታው በአገጫቸው ይወርዳል፤ አይስቡትም። የጠገበ የአይጥ ልጅ ሆዱ ላይ፣ በስሱ ቆዳ በኩል፣ ወተቱ እንደ ነጭ መቀነት ይታያል። የእነዚህ ሆድ ባዶና የተሸበሸበ ነበር። ሌሎቹ ሳጥኖች ውስጥ ያሉት ዥንጉርጉሮች አንዳቸውም የሚያጠቡ አልነበሩም።

«እስከ ማታ አይቆዩም» አሉ ሶእሞን፤ ብሩሹንም አስቀመጡት።

ኦታኬ እጇን እያፍተለተለች ቆየች። «አባባ፣ የምታጠባ አንድ አለች።»

«የት?»

«ከሩዙ ጆንያ ሥር። ያንን... ያንን ሩዝ ያስቀመጥኩት ለእሷ ነበር።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ሙሽሪትን ነው የምትዪኝ?»

«እሷን።»

«ትበላቸዋለች እኮ።»

«ብትበላቸውስ? ከዚህ የከፋ ምን ይመጣል?»

ሶእሞን ትንሽ አሰቡና፣ «እጅሽን በጭድ እሺው» አሉ። «ከጆንያው ጭድ። ሽታሽ ይጥፋ።»

በገዛ ሳጥኖቻቸው እናት ስትሞትባቸው ልጅ ከልጅ ቀላቅለው ያውቃሉ፤ በዱር አይጥ ላይ ግን ሞክረውት አያውቁም። ግራጫዋ ውኃ ልትጠጣ ብቅ እስክትል ተጠባበቁ። በግድግዳው ጥግ ሽው ብላ ስትወጣ ኦታኬ ጆንያውን ከፍ አደረገችው። ሶእሞን ከጎጆው እርጥብ ብጥስጣሽ ቆንጥረው እያንዳንዱን ልጅ ጀርባውን፣ ሆዱን፣ ጭንቅላቱን አሹት፤ ከዚያ ከግራጫዎቹ ልጆች መካከል ሰገሰጓቸው። ጸጉር ስለሌላቸው ሁሉም አንድ ናቸው፤ ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም ዓይናቸው ከቆቡ ስር ጥቁር። ሽማግሌው ራሳቸው ያንን ሁሉ ዘመን የለፉበትን ከማድ ቤት ሌባ ልጆች መለየት አቃታቸው።

«የቱ ነው የእኛ?» አለች ኦታኬ በሹክሹክታ።

«እንጃ» አሉ ሶእሞን። «እሷም እንዲህ ትበል።»

ጆንያውን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡና ራቅ ብለው ተቀመጡ። ግራጫዋ ተመለሰች። ጆንያው አፍ ላይ ቆመች፤ ጺሟ ይርገበገባል። ገባች። ከውስጥ አንድ ቀጭን ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ ምንም። ኦታኬ የአማቷን እጅጌ ጨብጣ እንደያዘች አላወቀችም ነበር።

በዓመቱ ሦስተኛ ቀን ጠዋት ሶእሞን መታገሥ አልቻሉም። እናቲቱ ስትወጣ ጠብቀው በመብሊያ እንጨታቸው ጫፍ ጭዱን ገለጥ አደረጉ። ኦታኬ በትከሻቸው በኩል አየች። አንዱም አልተበላም። በእያንዳንዱ ሆድ ላይ፣ ከቆዳው ስር፣ ነጩ የወተት መቀነት ይታያል። በዚያ በጨለመ የጭድ ጉድጓድ ውስጥ ያ ሁሉ ትንሽ ነጭ መስመር ከትንፋሻቸው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ሶእሞን መጥረጊያ ይዘው አጎንብሰው በነበሩበት ወለል ላይ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ኦታኬም አብራቸው ተንበረከከች።

ይህን ያዩት ዘለግ ላለ ጊዜ ነው፤ ስህተታቸውም ያ ነበር። ግራጫዋ ስትመለስ ጎጆዋ መነካቱን አወቀች።

ጎረቤታቸው እትዬ ኦኩኒ የአዲስ ዓመት ሰላምታ ይዛ የገባችው በዚያ ሰዓት ነው። «እንኳን አደረሳችሁ! የምን መጥረጊያ ነው የምሰማው? ሰፈሩ ሁሉ ሶእሞን በበዓል ቀን...»

«ዝም በይ!» አሏት ሁለቱም ባንድ ላይ።

ኦኩኒ ቅር ሊላት ሲል እነሱ የሚያዩትን አየች። ግራጫዋ በቀን ብርሃን፣ ሰዎች ፊት፣ አንድ ልጅ በአፏ አንጠልጥላ ወጣች። በግድግዳው ጥግ ሮጣ፣ ምሰሶውን ወጥታ፣ ጣሪያው ሥር ባለው የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ገባች። ባዶ አፏን ተመለሰች። ሌላ አነሣች። እንደገና ወጣች። ስትሮጥ ሆዷ ወለሉን ይነካል፤ ምሰሶው መሃል ላይ ቆማ ታለከልካለች፣ ግን አንዱንም አልጣለችም። የትኛው የወለደችው፣ የትኛው የተሰጣት እንደሆነ የሚያውቅ ከመካከላቸው ማንም አልነበረም፤ እሷም የምትመርጥ አትመስልም ነበር።

«ከአማቷ ጋር ተጣልታ ቤት የምትለቅ ነው የምትመስለው» አለች ኦኩኒ፤ ድምፅዋን ግን ዝቅ አድርጋ ነው፣ ዓይኗም እንባ አቅርሯል።

በመጨረሻ ጎጆው ውስጥ አንድ ቀረ፤ ከሁሉም ትንሹ። ግራጫዋ አልመጣችም። ጠበቁ። ልጁ ባዶው ጭድ ላይ አፉን ይከፍታል።

«ደከመች። ተወችው» አሉ ሶእሞን፤ እጃቸውንም ዘረጉ።

ኦታኬ ክንዳቸውን ያዘች። ምራት አማቷን በእጅ አትይዝም፤ እሷ ግን አጥብቃ ያዘች። «ይቆዩ አባባ። ትመጣለች።»

«ይሞታል።»

«ትመጣለች አልኩ እኮ!»

ስንጥቁ ላይ ጺም ታየ። ግራጫዋ እንደ መውደቅ እያለች ምሰሶውን ወረደች፣ በሁለቱ ሰዎች እጅ ስር አለፈች፣ የመጨረሻውን አንሥታ ወጣች። ከግድግዳው ጭቃ ትንሽ አፈር ረገፈ። 

«በቃ፣ ሄዱብን» አለ ያሱኬ ማታ። «ግድግዳውን ልክፈተው?»

«ብትከፍተው ትጨፈልቃቸዋለህ» አሉ አባቱ። «የሚኖሩ ከሆነ እሷ ጋር ነው የሚኖሩት።»

በዓሉ አለፈ፤ ሙሽሪት እንደገና አይጥ ተባለች። ሶእሞን በየቀኑ ቀትር ላይ ከግድግዳው ፊት ለፊት ይቀመጡ ጀመር። አጠገባቸው ገመድ ሲሳብ ክዳኑ ወድቆ አፉን የሚዘጋ የቀርከሃ ሳጥን አለ፤ ገመዱን በእጃቸው ይዘዋል፤ ከፊቱ ማሽላ ተበትኗል። ኦታኬ ሥራዋን ስትጨርስ ከጎናቸው ትቀመጣለች። ማሽላውን ለመበተን በጭድ የታሸ እጅ የእሷ ስለሆነ፣ የምትበትነው እሷ ሆነች። አንዳንድ ቀን ማሽላው ይበላል፣ የበላውን ግን አያዩም። በጓሮው ያለው የፕለም ዛፍ አበባ እስኪያወጣ ድረስ እንዲህ ሆነ።

አንድ ቀትር ግራጫዋ ብቅ አለች። ምሰሶውን ወርዳ ማሽላው መሃል ተቀመጠች፣ አንዲት ፍሬ በሁለት እጇ ይዛ ፈለፈለች። ከኋላዋ ሌላ ግራጫ ወረደ። ከዚያ፣ ከጨለማው ስንጥቅ፣ ነጭ። ከዚያ ሌላ ነጭ። ጸጉራቸው ምንም እድፍ አልነካውም። ምሰሶውን ሲወርዱ እንደ ዱር ሽው ይላሉ፤ ቆመው ሲያዩ ግን ያ ዓይን ነው፣ ያ ጥቁር ዓይን።

ሶእሞን ገመዱን ለኦታኬ ሰጡ። 

ሁለት ነጮች ሳጥኑ ውስጥ እስኪገቡ ጠበቀች፤ ከዚያ ሳበች። ክዳኑ ሲወድቅ የቀሩት ሁሉ ተበተኑ። ግራጫዋ ግን አልሸሸችም። ሳጥኑን ዞረችው፤ ቀርከሃውን አሸተተች፤ ከውስጥ አንዱ አፍንጫውን አስጠጋላት። ከዚያ፣ መንገዷ በዚያ ስለነበር፣ በሶእሞን ጉልበት ላይ ወጣች። እዚያ ትንሽ ቆማ ጺሟን ጠረገች። በሌላኛው በኩል ወርዳ ወደ ልጆቿ ሄደች።

ኦታኬ ሳጥኑን አንሥታ ወደ ብርሃኑ ወሰደችው፤ አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ናቸው። «አባባ፣ ይምጡ ይዩ!» ብላ ጠራቻቸው።

ሽማግሌው ግን አልተነሡም። ግራጫዋ የቆመችበትን ጉልበታቸውን ሳያንቀሳቅሱ እዚያው ተቀምጠው ቆዩ።