በአደራ የተቀመጠ ስልክ

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። አዎ፣ ነው። መድኃኒትም ሲበዛ እንደሚገድል ግን የሚጨምርልን የለም። አሁን የማወራችሁ ልጅ ክፉ ጓደኞች ገጥመውት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስበትም ነበር። የገጠሙት ደጋጎች ናቸው፤ መዘዙም ከዚያ መጣ።

ልጁ አይሁዳዊ ነው። በተማሪዎች ልውውጥ ለአንድ ዓመት ከአገሩ ወጥቶ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ገባ። የሚያጠናው ፋርማሲ ነው። ጓደኞቹ ስሙ ከብዷቸው ይሁን ሰንፈው እንጃ፣ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው «ቅዳሜ» ብለው አወጡለትና በዚያው ጸና። ለምን ቢሉ፣ ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀችበት ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ሦስት ከዋክብት እስኪታዩ ድረስ ልጁ እሳት አይጭር፣ መብራት አያበራ፣ ብዕር አያነሳ፣ ስልክ አይነካ። ሰንበቱ ነው፣ ያከብረዋል።

«ሊፍቱንስ?» አለው አብሮት የሚኖረው ልጅ በመጀመሪያው ሰሞን።

«ሊፍትም አልጫንም።»

«ስድስተኛ ፎቅ ድረስ በእግርህ ልትወጣ?»

«በእግሬ።»

«አይ እንግዲህ፣ አምላክህ ምድር ቤት ቢያስይዝህ ምን ነበረበት።»

መጀመሪያ እንዲህ እያሉ ይስቁበት ነበር። ከዚያ ሳይታወቃቸው እነሱ ራሳቸው ጠባቂ ሆነው ቁጭ አሉ። ያ ሊፍት ሊፍት ሲል የነበረው ልጅ ዓርብ ከሰዓት ላይ የመብራቱን ማብሪያ በፕላስተር ያሽገዋል፣ እንግዳ ገብቶ እንዳያጠፋባቸው። ነርስነት የምታጠናዋ ጓደኛቸው፣ ለመመረቅ ሁለት ዓመት እየቀራት ከአሁኑ «ሲስተር» የሚሏት፣ ለብቻው የሚያበስልበት አዲስ ድስት ገዝታ ክዳኑ ላይ በወፍራም ብዕር «የቅዳሜ ነው፤ የነካ እጁ ይሰበር» ብላ ጻፈችበት። ልጁ ይህን ባየ ቀን ሆዱ ባባ። የእናት ልጅ እንዲህ አያደርግም አለ።

ቤቱ ያሉት አባቱና ታላቅ እህቱ ናቸው፤ እህቱን «እታለም» ነው የሚላት። እናቱ ከሞተች ቆይታለች። አባቱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና የሚለው ክር ሲበጠስበትና ሰንበት ሲገባ ብቻ ነው። ልጁን ሲሸኝ ብዙ አልተናገረም። «ቃል ግባልኝ» አለው፤ «ሰንበትህን አታፍርስ። እዚያ የሚያይህ ሰው የለም፤ ቃል የማስገባህም ለዚሁ ነው።» ልጁም ገባ።

አባቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ይመርቀዋል። የአባቶቻቸው ሥርዓት ነው። ልጁ ውጭ ከወጣ በኋላ ምርቃቱ በስልክ ሆነ፦ አባትየው ከወዲያ ይመርቃል፣ ልጁ ከወዲህ የገዛ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። አብሮት የሚኖረው ልጅ በመጀመሪያው ቀን «ራስህን አመመህ?» ብሎት ነበር። ነገሩ ሲገባው፣ በዚያች ሰዓት ዘፈኑን ዘግቶ ቀጥ ብሎ መቆም ጀመረ።

አራተኛው ወር ላይ አንድ ቅዳሜ ልጁ ተሸነፈ። ቀኑ ዝናብ ነው፣ ብቸኝነቱ አንገቱ ደርሷል፣ ስልኩን ከፈተና የቤቱን ፎቶ አየ። ፎቶ ብቻ። ግን ሆዱ ነገር መያዝ አይችልምና እሑድ ለአባቱ ተናዘዘ። አባቱ አልተቆጣም። «ትላንት ያለ ሰንበት፣ ብቻህን ነበርክ ማለት ነው» አለ። ያ ቃል ከዱላ የባሰ ነበር። የዚያኑ ዕለት ልጁ አብሮት የሚኖረውን ጓደኛውን ይዞ ቁጭ አለ።

«ዓርብ ማታ ስልኬን ትወስዳለህ። ቅዳሜ ሰንበት ሲወጣ ትመልስልኛለህ። ብለምንህ አትስጠኝ፣ ባለቅስ አትስጠኝ፣ ቢጮህም አትንገረኝ። አደራ።»

«አደራ አልክ?»

«አደራ።»

ይህ አብሮት የሚኖረው ልጅ የፋብሪካ ዘበኛ ልጅ ነው። አባቱ ሠላሳ ዓመት የሰው መጋዘን ሲጠብቅ አንዲት ሚስማር አልጠፋችበትም፤ ይህንንም ልጅየው በየምሳው ያወራል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እየተባለ ላደገ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ አይደለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ዘበኛው» ሆነ፣ እሱም እንደ ሹመት ነው የተቀበለው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ቤተሰብ ቢደውልስ?»

«እነሱም ቅዳሜ ስልክ አይነኩም» አለ ልጁ፤ «ቅዳሜ የሚጮህ ስልክ የእነሱ አይደለም።»

አፍ ሲፈጥን እንዲህ ነው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የቅዳሜ አባት ልቡን ታመመ። ሆስፒታል ገባ፣ ወጣ፣ እንደገና ገባ። ልጁ ሻንጣውን አነሳ፤ አባቱ ግን በስልክ «ፈተናህን ጥለህ ብትመጣ በር አልከፍትልህም» አለው። የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር። እህቱ ለብቻው «ተረጋጋ፤ ከባሰበት እደውልልሃለሁ፣ በዚያው ቀን ትነሳለህ» ብላ አባበለችው። እሺ አለ። ግን እንቅልፍ ከዓይኑ ጠፋ። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባቱ ድምፁን ሳይሰማ፣ ሳይመርቀው እንዳይሄድ።

በዚያች ዓርብ እንደ ወትሮው ደወለ። እህቱ አነሳች። «መድኃኒት ሰጥተውት ተኝቷል፤ ነገ ሰንበት ሲወጣ ይመርቅሃል» አለችው። ልጁ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ፀሐይዋ ደግሞ አትጠብቅም።

ዘበኛው እጁን ዘረጋ። «ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ደርሷል።»

«ዛሬ እኔው ጋ ቢያድርስ?»

«ሊሰበር ነው መሰለኝ ሰውዬው» ብሎ ቀለደ ዘበኛው። «አልቅሰህ ብትለምነኝም እንዳልሰጥህ ያልከኝ አንተው ነህ። አምጣ።»

ሰጠው። ዘበኛው ስልኩን በካልሲ ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከተተና ቆለፈ።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ልጁ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሲያነብ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ጉም ጉም የሚል ድምፅ ሰማ። ቀና አለ።

«የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ዘበኛው፤ «እናቴ ናት፣ ደግሞ ልትጨቀጭቀኝ።» ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ካልሲውን እንዳለ ብብቱ ውስጥ ወትፎ ወጣ። ልጁ እንዳይፈተን ብሎ ነው የዋሸው። በደግ ልብ ነው። እግዜር ያሳያችሁ።

ኮሪደሩ ላይ ሲስተር አገኘችው። ከዚህ በኋላ የሆነውን ልጁ የሰማው ከእሷ ነው። ስልኩ እጁ ላይ ይጮሃል፤ የሚታየው ስም በልጁ አገር ፊደል ስለተጻፈ ማንኛቸውም ማንበብ አይችሉም።

«አባቱ ታሞ የለም እንዴ» አለች። «ንገረው።»

«ቤተሰቡ ቅዳሜ ስልክ አይነካም። ራሱ ነው የነገረኝ። ስለዚህ ይሄ ሌላ ሰው ነው።»

«ሌላ ሰው እንዲህ ደጋግሞ ይደውላል?»

«አደራ ብሎኛል ሲስተር። ለምን እንደሚጠብቅ ገብቶሽ ቢሆን እንዲህ አትይም ነበር። ይሄ ልጅ አባቱን ዳግም ቢያሳፍር ይሞታል።»

እሷም ዝም አለች። ነርስ ነኝ ባይዋ ዝም አለች። እስካሁን ለዚህ ዝምታዋ ራሷን ይቅር አላለችም።

ከሰዓት በኋላ እንቁላል ቀቅላ፣ ዳቦ ይዛ መጣች። ዘበኛው የሒሳብ መምህራቸው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽር ሲፈልግ እንዴት እንደሚሆን አስመስሎ አሳየ። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ጥርሱ አልታየም ነበር፤ አሁን ግን እስኪያለቅስ ሳቀ። ጓደኞቹም እንኳን ሳቀልን ብለው ተያዩ። ሰዓቱ አሥር ነበር። ልጁ ይህችን ሰዓት ዕድሜ ልኩን አይረሳትም።

ሲመሽ ሦስቱ ከዋክብት ታዩ። ዘበኛው ስልኩን ከካልሲው አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበለው፣ ፊቱ በርቶ።

«አሥራ ሰባት ጊዜ ተደውሏል። አንዱንም አልነገርኩህም።»

ልጁ ስልኩን አየ። አሥራ ሰባቱም እታለም ናት። እሷ በሰንበት ስልክ ነካች ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።  ደወለ።

«እታለም።»

«ሰንበት ወጣልህ?» አለችው።

«አባባስ?»

«አረፈ። አሥር ሰዓት ላይ።»



«ስድስት ሰዓት ላይ ነቃ» አለች እህቱ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «‹ዓርብ ልጄን አልመረቅኩትም፣ ደውይልኝ› አለኝ። ‹ሰንበት ነው አባባ› አልኩት። ‹አውቃለሁ፣ ደውይ› አለኝ። ወንድምዬ፣ እኔ በሰንበት ክብሪት ጭሬ የማላውቅ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ደወልኩልህ። ስልኩ መጥራት ሲጀምር እጁን ያነሳል፣ ራስህ ላይ የሚጭን ይመስል። ሳታነሳ ስትቀር ያወርደዋል። አሥራ ሰባት ጊዜ አነሳ፣ አሥራ ሰባት ጊዜ አወረደ። በመጨረሻ ‹ተይው፣ አያነሳም፤ ቃል ያስገባሁት እኔው ነኝ› አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

«ስልኩ እኔ ጋ አልነበረም» አለ ልጁ። ለማን እንደሚያስረዳ ለራሱም አልገባውም።

«አጎታችን ነገ ጠዋት ይቀበር ይላል። ሬሳ ማቆየት ነውር መሆኑን ታውቃለህ። እንጠብቅህ ወይ?»

የቅርቡ አውሮፕላን ሰኞ ማታ ነው የሚያደርሰው። ሻንጣውን ባነሳ ቀን ስለ በረራ ጠይቆ ነበርና አሳምሮ ያውቀዋል። ሁለት ቀን አባቱን መሬት ሳይገባ ለማስቀመጥ አንደበቱ አልታዘዘውም።

«ቅበሩት» አለ።

ስልኩን ዘጋና የሸሚዙን ደረት ያዘ። በእነሱ ዘንድ አባት የሞተበት ልብሱን ይቀዳል። ሸሚዙን የሰፋለት አባቱ ነው፤ ስፌቱ ድርብ ነበርና አልቀደድ አለ። ጎተተ፣ እንቢ አለ፣ በመጨረሻ በጥርሱ ነክሶ ተረተረው። ጓደኞቹ የሚያወራበትን ቋንቋ ባይሰሙም ይህን ሲያዩ ምን እንደሆነ ገባቸው። ሲስተር አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«አባትህ?» አለች።

«ሊመርቀኝ ነበር የደወለው። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ። አሥር ሰዓት ላይ ሞተ።»

ዘበኛው በቆመበት ደረቀ። 

«ነግረኸኝ ነበር እኮ። ቅዳሜ የሚጮህ ስልክ የእነሱ አይደለም ብለኸኝ ነበር።»

«ነግሬሃለሁ። ያልኩህን ነው ያደረግከው።»

ልጁ ይህን ሲል ከልቡ ነው። አንድ የሚቆጣው ሰው ፈለገ፣ አጣ። ጓደኛውን እንዳይቆጣ፣ አደራውን የሰጠው እሱ ነው። እህቱን እንዳይቆጣ፣ ሰንበቷን አፍርሳለታለች። አባቱን እንዳይቆጣ፣ ራሱን ወቅሶ ነው የሞተው። እንዲህ ያለ ሐዘን መውጫ የለውም፤ ሰው ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋል።

ዘበኛው አንድ እርምጃ ቀረበ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ስድስት ሰዓት ላይ፣ እህትህ ናት ብዬ ብሰጥህ ኖሮ፣ ታነሳው ነበር?»

ልጁ ምን ቢል እንደሚሻል ያውቃል። አላነሳም ነበር፣ ሰንበቴን አላፈርስም ነበር ቢለው ያ ልጅ ዛሬ ማታ ይተኛል። ሲስተርም ከጓደኛቸው ጀርባ ሆና በዓይኗ ይህንኑ ትለምነው ነበር። ሊዋሽለት አፉን ከፈተ። ግን አባቱ እጁን ሲያነሳና ሲያወርድ ታየው።

«አነሳው ነበር» አለ።

ዘበኛው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አባቱ የሞተበት ልጅ ደረቅ ዓይኑን ይዞ ከፊቱ ቆሞ ያየዋል። አይዞህ ሊለው፣ እጁን ትከሻው ላይ ሊያደርግለት ፈለገ። እጁ አልነሳ አለው።