በሰው ሳጥን በኩል

...ሳቀ መሰለኝ፣ ተሳስቼም ይሆናል፣ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ ምናልባት የሳቀው በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ነው፣ ንግግሩ ግን የጸሐፊው የጉርሜሳ ነው፣ እሱን አልስትም፣ ኮርሳ፣ ደብዳቤ የምትቀበለው በላምህ በኩል ነው እንዴ፣ አለው አባቴን፣ አባቴ የወተት ማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፣ እኔ ከጎኑ። የራሱ ፖስታ ሳጥን የለውም፣ መካኒሳ አቦ ካሉት ከብት አርቢዎች ስንቱ አለው፣ ደብዳቤው የሚመጣው በጎረቤታችን ሳጥን ነው፣ ከስሙ ሥር "በአቶ ማሞ በኩል" ተብሎ። ያን ዓመት የወተት ማኅበሩ ጸሐፊ ጉርሜሳ ሕግ አወጣ፣ በጅምላ የሚላክ ፖስታ አድራሻው አንድ ዓይነት ይሁን፣ የራሱ ሳጥን ለሌለው አባል የስብሰባ ጥሪ አይላክም። አባቴ ሳይጠራ ሦስት ስብሰባ ቀረ፣ ሦስት የቀረ ከአባልነት ይሰረዛል፣ ተሰረዘ። የፉርሽካ ድርሻው ቆመ። ሁለቱ ላሞች ተሸጡ።

አሁን እዚሁ ጎፋ፣ በዚያው ቢሮ፣ የማኅበሩን ፖስታ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል? አይመስለኝም፣ ኮርሳ የሚባል ስንት አለ፣ ሲቀጥረኝ የእጅ ጽሑፍህ ንጹሕ ነው ብቻ አለ።

የስብሰባ ጥሪ፣ ስድስት መቶ ሰባት ፖስታ። ስም በመጀመሪያው መስመር፣ የሳጥን ቁጥር በሁለተኛው፣ አዲስ አበባ በሦስተኛው፣ ሁሉም ቀኝ ታች፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ ብሎ፣ አንዱ ከተዛነፈ አላልፈውም፣ ቀድጄ እንደገና እጽፋለሁ። ዐርባ አንዱ ላይ ግን "በኩል" አለ። ሕጉ የት ሄደ፣ ማንም አልሻረውም፣ ፋይሉ ፊት ላይ ከነፊርማው ተቀምጧል፣ ለአባቴ ጸንቶ ለሌላው ዝም ብሎ ተረሳ። አንዱን አነሣለሁ። ወይዘሮ ቢፍቱ፣ በልጃቸው በአቶ ጉርሜሳ በኩል።

እናቱ።

መዝገቡን እገልጣለሁ፣ ሁለት ጊዜ ቀርተዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል ይባላል። ሁለት። አንድ ይቀራል። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይሞቃል፣ አፍራለሁ፣ ግን ይሞቃል። የእሳቸውን ብቻ ካስቀረሁ ቂም ነው፣ ዐርባ አንዱንም ካስቀረሁ ሕግ ነው፣ እንደዚህ ነው አይደል፣ ወይስ ለራሴ እያመቻቸሁ ነው፣ እስቲ ደግሜ ላስበው። ፖስታ የምታሽገው እትዬ ተናኘ ታየኛለች፣ ነገሪ፣ ትለኛለች በስሜ፣ የኔ ልጅ፣ ምን አፈጠጥክበት፣ ይናከሳል እንዴ፣ የለም እትዬ፣ አድራሻ እያስተካከልኩ ነው። ውሸት አይደለም።

መጠየቅ አለብኝ፣ ሳልጠይቅ ካደረግኩት የእኔ ይሆናል፣ እሱ በገዛ አፉ ይበለው። ጋሼ፣ የራሱ ሳጥን ለሌለው አይላክም የሚለው ሕግ ይሠራል? ከስልኩ ቀና አይልም። ሕግ ነው አይደል የጻፍነው፣ ምን ፋራ ያደርግሃል፣ ሥራህን ሥራ። እሺ ጋሼ። እሺ። በገዛ አፉ ተናገረው፣ እትዬ ተናኘም ሰምታለች።

ዐርባ አንዱን አወጣለሁ፣ በላስቲክ አስራለሁ፣ መሳቢያ፣ ቁልፍ። የሌሎቹን መቅረት አልቆጥርም፣ ብቆጥር እጄ ይያዛል። ጉርሜሳ ይመጣል፣ እናቱን ደግፎ እዚህ ጠረጴዛ ፊት ይቆማል፣ እኔም ተነሥቼ፣ በአክብሮት፣ መዝገቡን ወደ እሱ አዙሬ፣ ሦስት ጊዜ ቀርተዋል ጋሼ፣ ሕግ ነው፣ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ። ይህን በታክሲ ውስጥ እለማመደዋለሁ፣ ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ አልሰማም፣ ፖስታ ቤት ወረፋ ላይም እለማመደዋለሁ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ አምስት መቶ ስድሳ ስድስት ናቸው፣ አድራሻቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ትላለች፣ አዎ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ሲሉኝ እንዴት ደስ ይላል፣ እንዴት እንደሚጣፍጥ።

ከስብሰባው ማግስት የተገኙትን አባላት ፊርማ አገላብጬ አየሁ። ወይዘሮ ቢፍቱ ሦስተኛው መስመር ላይ ፈርመዋል፣ ከልጃቸው ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖሩት፣ ቀኑን ለማወቅ ፖስታ አያስፈልጋቸውም። ከሌሎቹ ዐርባ የፈረመ የለም፣ ለዐሥራ ሁለቱ ሦስተኛ መቅረታቸው ነበር።